«እርጅና ነው» ተብላ የተመለሰችው አያቴ

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን የሴሚናር ርዕስ በዕጣ ሲያድሉን ለእኔ የደረሰኝ «ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች በመርሳት በሽታ ምርመራ ያላቸው ድርሻ» የሚል ነበር። ወረቀቱን ገልጬ ሳነብ ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሳቁን ለቀቀው። «አይዞህ፣ የፈረንጅ በሽታ ነው የደረሰህ! እኛ አገር ሰው እስኪረሳ ድረስ መች ይኖራል?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ዶርም ገብቼ ስጋደም ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አያቴ ትዝ አለችኝ። ከአያቴም ይልቅ የአጎቴ ሚስት ትዝ አለችኝ። ሴሚናሩን አቅርቤ ጨርሻለሁ፣ ማርኩንም አግኝቻለሁ። በሴሚናሩ ላይ ያልተናገርኩትን ነው ዛሬ እዚህ የምጽፈው።

የተወለድኩት ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባለ የገብስ አገር ነው። አገሩን የማታውቁት ካላችሁ፣ ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ መንገዱ በሊማሊሞ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። አያቴ በዚያ ቀዬ በሁለት ነገር የታወቀች ነበረች፤ በጠላዋና በቁጥሯ። ቁጥሯ ስል ተምራ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ማን ስንት ቁና ገብስ እንደተበደረ፣ የማን በግ መቼ እንደወለደች፣ የሰንበቴው ተራ የማን እንደሆነ ሁሉ በቃሏ ትይዝ ነበር። ሰው ሲከራከር «እስቲ እሷን ጠይቋት» ይባል ነበር።

መጀመሪያ የተበላሸው ጠላው ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ጌሾ ጨምራ እንደገና ጌሾ ትጨምር ጀመር። ጠላው መረረ፣ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ቡናው ሲያርርባት፣ ወጡ ጨው ሲበዛበትና ጭራሽ ጨው ሲያጣ አየን። «ጃጀች» ብለን ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሄደን የሞተውን ሰውዬ ራሱን «የት ሄዶ ነው ዛሬ ያላየሁት?» ብላ ሚስቱን ጠየቀቻት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በግ ተሽጦ የተቀመጠ ሦስት መቶ ብር ጠፋ። አያቴ ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ስታገኘው እዬዬ አለች። «ምራቴ ናት የሰረቀችኝ! ሌባ ነው ያገባህብኝ!» አለችው አጎቴን። የአጎቴ ሚስት አያቴን የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ ሌሊት ተነስታ ስትወጣ ተከትላ የምትመልስ እሷ ነበረች። በማርያም ማለች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእነሱ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ልጅ፣ ሳጥኑን ሲከፍት ያየኸው ሰው አለ?» አለኝ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «እሷ ስትከፍት አይቻለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ በእርግጥም ስትከፍት አይቻታለሁ። የከፈተችው የአያቴን ነጠላ ልታወጣ ነበር። ይህን ግን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ሴትዮዋ ትንሿን ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። በዓመቱ ሰኔ ላይ ጎታው ሲጠረግ ብሩ ከነቋጠሮው ከገብሱ ሥር ወጣ፤ ጨርቁን አይጥ በልቶታል። አጎቴ ሽማግሌ ላከ። እሷ «ሌባ ተብዬ የወጣሁበትን ቤት ተመልሼ አልረግጥም» ብላ ሽማግሌውን መለሰች።

አያቴ ሕክምና አላየችም እንዳትሉ። ጠበል ወስደናታል፤ ለእሷ መጽናኛ ሆኗታል። በኋላም አጎቴ በበቅሎ ጭኖ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ የነበረው ባለሙያ ዕድሜዋን ጠየቀ፣ ክንዷን ይዞ የልብ ምቷን ቆጠረና «እርጅና ነው፤ ለእርጅና መድኃኒት የለውም» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሳት። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖራ በ2003 ዓ.ም. አረፈች። ዛሬ ነርስ ሆኜ ሳስበው፣ ያ ሰው መድኃኒት ስላልሰጠ አይደለም የምወቅሰው። እሱ ሊሰጠን የሚችለው ትልቅ ነገር መድኃኒት አልነበረም። «ይህ በሽታ ነው፤ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ዕቃውን ራሱ ያስቀምጥና ሰረቁኝ ይላል፤ የሚያማው ደግሞ ቅርቡ ያለውን ሰው ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረን ኖሮ አንድ ትዳር አይፈርስም ነበር።

የፈረንጅ በሽታ ነው ላለኝ ጓደኛዬ እንግዲህ መልሴ ይኸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከዲሜንሺያ ጋር የሚኖረው ሰው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ ከስድሳ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማስታወስን፣ ማሰብንና የዕለት ሥራን የሚያውክ፣ ከተለያዩ የአንጎል ሕመሞች የሚመጣ ችግር ነው። ከመካከላቸው ብዙውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። የደም ግፊትና ስትሮክም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1901 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመራት፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ጉባኤ ያቀረበላት በሽተኛ አውጉስተ የምትባል የ51 ዓመት ሴት ነበረች። በእሷ ላይ በመጀመሪያ የታየው ምልክት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ባሏን በቅናት መጠርጠር! ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። የእኛ ቤት ነገር ከእኔ በፊት መቶ ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ኖሯል።

አሁን ወደ አታችመንቱ ልውሰዳችሁ። የተመደብኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ዳባት ከጎንደር ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፍባት ናት። ለእኛ ለጤና ተማሪዎች ደግሞ ስሟ አዲስ አይደለም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚያ ወረዳ የጥናት ጣቢያ ከፍቶ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። የምታሠራን በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች ነርስ ነበረች። የአካባቢው ሰው «ሲስተር» ነው የሚላት፤ እኔም እንዲሁ ልበላት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። «መርሳት አብዝቷል» አሉ ባለቤታቸው። እኔ ደስ አለኝ! ከመጽሐፍ ያጠናሁትን የሠላሳ ነጥብ ፈተና አወጣሁ። ይህ ፈተና በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኳቸው፣ አላወቁትም። «ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው፣ ዝም አሉ። «እዚህ ላይ የተጻፈውን አንብበው የሚለውን ያድርጉ» ስላቸው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ» ብዬ እስክሪብቶ ስሰጣቸው አንገታቸውን ደፉ። ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕሎች ቅዱ ስላቸውማ ባለቤታቸው «ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ ትምህርት ቤት ደጅ ደርሶ አያውቅም» አሉኝ። ደምሬ አሥራ አንድ አገኘሁ። ካርዱ ላይ «ዲሜንሺያ» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳነሳ ሲስተር እጄን ያዘችኝ።

«ምን አገኘህ?» አለችኝ። «አሥራ አንድ» አልኳት። «ያገኘኸው እሳቸው እንዳልተማሩ ነው፤ እሱን ደግሞ ሚስታቸው በነጻ ነግረውሃል» አለችኝ።

ከዚያ በርጩማዋን ወደ ባለቤታቸው ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ይህ ነገር መቼ ጀመራቸው?» አለች። «ከፍልሰታ ወዲህ።» «ከፍልሰታ በፊትስ?» «በፊትማ ደህና ነው! ያርሳል፣ ከብቱን ማታ ማታ ይቆጥራል።» «በፍልሰታ ሰሞን ምን ደርሶባቸው ነበር?» ባለቤታቸው አሰቡ። «ከበቅሎ ወድቆ ነበር። ግን ደሙም አልፈሰሰ፣ ተነስቶ ሄደ።» «ራሴን ይላሉ?» «ይላል።» «ቀን ይተኛሉ?» «አሁን አሁን መተኛት ነው ሥራው። አንድ ቀን ደህና ይሆናል፣ አንድ ቀን ይጠፋበታል።» ሲስተር አዛውንቱን አስነስታ አስኬደቻቸው። ግራ እግራቸው ትንሽ ይጎተታል። እኔ ሠላሳ ጥያቄ ጠይቄ እግራቸውን አላየሁም!

ያን ቀን በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ተላኩ። በሲቲ ስካን ሲታይ ከራስ ቅላቸው ሥር፣ ከአንጎላቸው በላይ ደም ተጠራቅሞ ተገኘ። ሰው ሲያረጅ አንጎል ትንሽ ይሟሽሻል፤ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ። ስለዚህ ቀላል የሚመስል ግጭት እንኳ ቀስ እያለ ለሳምንታት ሊያደማ ይችላል። ደሙ ከተቀዳ ብዙዎች ይድናሉ፣ ካልተቀዳ ሊገድል ይችላል። አዛውንቱ ለጥቅምት ሚካኤል በእግራቸው መጥተው ሲስተርን መረቋት። እኔ ያን ምርቃት በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ አሜን ለማለት አፍሬ ነበር። የእኔ እስክሪብቶ ቀድሞ ቢጽፍ ኖሮ እኒህ ሰው ወደ ቤት ተመልሰው «እርጅና ነው» ተብለው ይሞቱ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሲስተር የምትሠራበትን መንገድ ልብ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። ለእናንተም ይጠቅማችኋልና በአጭሩ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ከፈተናው በፊት አብሮ የሚኖረውን ሰው ትጠይቃለች። በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? እየባሰ ነው የሚሄደው ወይስ ይመላለሳል? በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር ከሆነ ሳንባ ምችን፣ የሽንት ኢንፌክሽንን፣ የውኃ ማነስን ትፈልጋለች። ዲሜንሺያ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው።

ሁለተኛ፣ ጆሮና ዓይን ታያለች። ኩክ ጆሮውን የደፈነው ወይም ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ፈተና ቢወድቅ ምን ይገርማል?

ሦስተኛ፣ ሊታከሙ የሚችሉትን ትለያለች። ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ እንዲሁም የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ የመርሳት በሽታን ሊመስሉ ይችላሉ። የእኛ ደጋ ደግሞ በእንቅርት የታወቀ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነከረጢቱ አምጡ ትላለች። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጥ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን በሽማግሌ ላይ መደናገር ሊያመጡ እንደሚችሉ እኔ ያወቅሁት ከእሷ ነው። የደም ግፊት ሳትለካም ማንንም አትለቅም።

አራተኛ፣ ፈተናውን በሰውየው ሕይወት ትፈትናለች። «ቀኑ ስንት ነው» አትልም፤ «ዛሬ ማን ነው?» ትላለች። ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ማርያም በሃያ አንድ፣ ጊዮርጊስ በሃያ ሦስት መሆኑን የደጋ ሰው ከእጁ ጣት በላይ ያውቀዋል። ለሙስሊሙ አባት ደግሞ ከረመዳን ወዲህ ስንት ወር እንደሆነ ትጠይቀዋለች። «ደርግ ሲገባ ስንት ልጅ ነበርዎ? በሰባ ሰባት ድርቅ የት ነበሩ?» ትላለች። በሰባት መቀነሱን ትታ «በጉን በዚህን ያህል ሸጠው ይህን ያህል ጨው ቢገዙ መልሱ ስንት ነው?» ትላለች። ሥዕል በመቅዳት ፋንታ የክብሪት እንጨት ደርድራ «ይህን አስመስለው ይሥሩልኝ» ትላለች። ይህ የክብሪቱ ነገር የእሷ ፈጠራ አይደለም። ላልተማሩ አረጋውያን ተብሎ በሰሜን ታንዛንያ፣ በሀይ አውራጃ በተሠራ አጭር መመዘኛ ውስጥ ያለ ነው። ከዚያ የዕለት ሥራውን ትጠይቃለች። ሴት ከሆኑ ቡናውን ከማጠብ እስከ በረካ በቅደም ተከተል ያፈላሉ ወይ? ወንድ ከሆኑ ቀንበሩን ይጠምዳሉ ወይ፣ የመሬታቸውን ድንበር ያውቃሉ ወይ?

አምስተኛውና እኔ ከሁሉ የበለጠ የምለው፣ ለቤተሰቡ ትነግራለች። ይህን በሌላ ታካሚ ላይ አየሁት።

አንዲት ምራት አማቷን ይዛ መጣች። እናትዮዋ ገና ከመቀመጣቸው «ይህች ልጅ እህሌን እየሸጠች ጨረሰችው» አሉ። ልጅቷ ምንም አልመለሰች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። እኔ የአጎቴ ሚስት ፊቴ የቆመች መሰለኝ። ሲስተር አሮጊቷን ከእኔ ጋር ክብሪት እንዲደረድሩ አድርጋ ልጅቷን ወደ ውጭ አወጣቻት። ልጅቷ እንደነገረቻት፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ሲገባ ቤተሰቡ በሌሊት ወጥቶ ወደ ጎንደር ሸሸ። እናትዮዋ በመንገድ ላይ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» እያሉ እጅ አስቸገሩ፤ አዝላ የወሰደቻቸው እሷ ናት። «ከዚያ ድንጋጤ ወዲህ ነው የጀመራቸው» አለች። ሲስተር ግን አላለፈችውም፤ «ከዚያ በፊትስ? ቡናው? ወጡ? መንገዱ?» አለች። ልጅቷ ቆይታ «አሁን ስትይኝ... በፊትም ከገበያ ሲመለሱ የሰው ቤት ይገቡ ነበር» አለች። ስለዚህ ጦርነቱ የወለደው አልነበረም፤ ቀድሞ የጀመረውን ነው ገልጦ ያሳየው። ለምደውት የነበረው ቤትና መንገድ ሸፍኖላቸው ኖሯል።

የደም ምርመራው ተሠርቶ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ዲሜንሺያ መሆኑ ሲታወቅ ሲስተር ባልየውን አስጠራችው። ልጅቷ ባለችበት እንዲህ አለችው፤ «እናትህን የያዛቸው የአንጎል በሽታ ነው። እርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። የሚድን አይደለም፤ እንዋሽህ አንልም። ሰረቀችኝ ሲሉ ውሸታም ሆነው አይደለም፤ ያስቀመጡበት ስለሚጠፋቸው ነው። የሚያሙት ደግሞ የምትጦራቸውን ሰው ነው። ሚስትህን ሌባ ካልካት እናትህን የሚይዝልህ ሰው አጣህ ማለት ነው።» ከዚያ ምክሩን ዘረዘረች፤ አትከራከሯቸው፣ አብራችሁ ፈልጉላቸው፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አስቀምጡ፣ ሌሊት በሩን ዝጉ እንጂ እሳቸውን አትሰሩ፣ እሳት ዳር ብቻቸውን አትተዉ፣ ልጆቹ ስማቸውን እየጠሩ ያናግሯቸው። እንዲደነዝዙ የሚያደርግ መድኃኒት አልሰጠችም፤ የአእምሮ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ስትሮክንና ሞትን እንደሚጨምሩ ታውቃለችና። ልጅቷ ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። እኔም ፋይል የምፈልግ መስዬ ወደ ካርድ ክፍል ገባሁ።

«ይህ ሁሉ የሐኪም ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የመጨረሻው ቃል በብዙ አገር የሐኪም ነው፣ እውነት ነው። ግን ታሪካችንን እናስታውስ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ የጤና መኮንኑ፣ የኮሚኒቲ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ላይ ሰልጥነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። በአገራችን የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሰልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምናውን በአብዛኛው የተሸከሙት ነርሶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ስፔሻሊስት በሌለበት የአእምሮ ሕክምናን ለማዳረስ ያወጣው ፕሮግራም ዲሜንሺያንም ይጨምራል፤ ኢትዮጵያም ፕሮግራሙን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። ሐኪም በሞላበት በእንግሊዝ እንኳ በመርሳት ክሊኒኮች ውስጥ ታሪኩን የምትቀበለው፣ ፈተናውን የምትሠራው፣ ቤት ድረስ ሄዳ የምታየው ብዙ ጊዜ ነርስ ናት። የበሽተኛውን ቤተሰብ የሚረዱ፣ «አድሚራል ነርስ» የሚባሉም አሏቸው። ስሙ የመጣው ጆሴፍ ሌቪ ከሚባል ዲሜንሺያ ከነበረበት ሰው ነው፤ መርከብ ስለሚወድ ቤተሰቡ «አድሚራል ጆ» ይሉት ነበር።

ታዲያ «ከፍተኛ ሥልጠና» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እንደገባኝ ብዙ ፈተና መሸምደድ አይደለም። እሱንማ እኔም ሸምድጄ ነበር። የትኛው ፈተና ለየትኛው ሰው እንደማይሆን ማወቅ፣ አስቸኳዩን ከቀስታው መለየት፣ ሪፈር ስትጽፍ የሚሰማህ ሥልጣን መኖር፣ እና ክፉውን ዜና ቁጭ ብሎ መናገር ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሲስተር ለአንድ አረጋዊ አንድ ሰዓት ስትሰጥ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ያጉረመርማል፤ ሁልጊዜም አይሳካላትም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነርስ በየወረዳው አንድ እንኳ ብትመደብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞሩ «አያቶች እንዴት ናቸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጨምሩ እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን እርጅና ነው ያለም እንዲሁ ነው።

አታችመንቱ ሲያልቅ ወደ ጎንደር አልተመለስኩም፤ በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። የአጎቴ ሚስት ደባርቅ ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በደጇ ሳልፍ በሌላኛው ጥግ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ገባሁ። ወዲያው አወቀችኝ። «አንተ! አድገህ ሰው ሆንክ?» ብላ ሳመችኝና በጣሳ ቀዳችልኝ። አልጠጣሁም። ያን ቀን ለሽማግሌዎቹ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ሳጥኑን የከፈተችው ነጠላ ልታወጣ እንደነበር፣ ሳውቅ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ከዚያ ስለ በሽታው ነገርኳት፤ እንዴት እንደሚጀምር፣ ለምን ሰረቁኝ እንደሚያሰኝ፣ አያቴ ጠልታት እንዳልነበረ። አንድ የማታውቀውን ነገር ያመጣሁላት መስሎኝ ነበር።

እሷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እንዳመማትማ አውቄ ነበር። የጠላው ጌሾ ሲደገም ያየሁት እኔ ነኝ። ሌሊት እናቷን ስትጣራ የሰማሁት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ሲወስዷት ግን እኔ ወጥቼ ሄጃለሁ፤ ሽማግሌም ሲቀመጥ የጠየቁኝ ሰረቅሽ ወይስ አልሰረቅሽም ብለው ብቻ ነው። እንዴት ሆና ሰነበተች ብሎ ማን ጠየቀኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ጠላውን አንስቼ ጠጣሁ፤ ጌሾው ልክ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ዓመት በየአታችመንታችሁ ስትሰማሩ አንድ የሚረሳ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢገጥማችሁ ፈተናውን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ከኋላ የቆመችውን ሴት ፈልጉ። ምራት ትሆናለች፣ ልጅ ትሆናለች፣ ሠራተኛም ልትሆን ትችላለች። በርጩማ ስጧት፣ ጠይቋት። ቸር ይግጠመን።